ዘበኛው አልተሰናበተም፦ ሪስታርት ላይ ስለሚመጣው የዋችዶግ መልእክት

ጥያቄ፦ «ወንድሜ፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ዴቢያን 12 የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩበት። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ነው። ሁሉም ነገር ይሠራል። ግን ሪስታርት ባደረግኩት ቁጥር ስክሪኑ ይጠቁርና አንድ መስመር ብቻ ብቅ ይላል፦ "ዋችዶግ፦ ዋችዶግ0፦ ዋችዶግ ዲድ ኖት ስቶፕ!" ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይቆይና በሰላም ይነሳል። ዝም ብዬ ሳጠፋው ግን አይታይም። አንድ ጓደኛዬ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው አለኝ። እሱ ኡቡንቱ ነው የሚጠቀመው፣ እሱ ጋ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ሌላው ደግሞ ግሩብ (ማሽኑ ሲነሳ ሊኑክስን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ላይ "ኖ-ዋችዶግ" የሚል ቃል ጨምር አለኝ። ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። ቫይረስ ይሆን? ፎርማት ላድርገው ወይ?»

ፎርማት እንዳታደርገው። ቫይረስ አይደለም። ሃርድ ዲስክህም ከዚህ መስመር ጋር ምንም አያገናኘውም። ነገሩ ስህተት እንኳ አይደለም፤ ስህተት ያስመሰለው አጻጻፉ ነው። አንተ በነገርከኝ ሁኔታ ትርጉሙ «ዘበኛው (ዋችዶጉ) አሁንም ሥራ ላይ ነው» ማለት ነው። ሥራ ላይ የቆየውም ተረስቶ ሳይሆን ሆን ተብሎ ነው።

ግን «እለፈው» ብዬ ብቻ አልተውህም። ይሄው መስመር፣ ፊደሉ ሳይቀየር፣ በሌላ ሰዓት ቢመጣ ሥራህን አቁመህ ፋይልህን ሴቭ ማድረግ አለብህ። ልዩነቱ እንዲገባህ ዋችዶግ ምን እንደሆነ እንይ።

ዋችዶግ ማሽኑ ውስጥ ያለ ትንሽ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ቺፕሴቱ (ፕሮሰሰሩን ከሌላው ሃርድዌር ጋር የሚያገናኘው ቺፕ) ውስጥ ነው የሚገኘው። ወደ ታች ይቆጥራል፦ 30፣ 29፣ 28... ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በየተወሰነ ሴኮንዱ «አለሁ» ይለዋል። «አለሁ» በተባለ ቁጥር ቆጠራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ጊዜው እስኪያልቅ ድምፅ ካልሰማ ማሽኑ ደርቋል ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅድ ሪሴት ያደርገዋል። የቱ ፋይል ተከፍቷል፣ የቱ ሴቭ አልተደረገም፣ አይጠይቅም። ሰው መጥቶ የሪሴት ቁልፉን እንደተጫነው ቁጠረው።

የዚህ ነገር ዋና ጥቅሙ አጠገባቸው ሰው ለማይቆም ማሽኖች ነው። ኢንቴል ቆጣሪውን «ቲሲኦ» ብሎ ነው የጠራው፤ ሲዘረዘር «ቶታል ኮስት ኦፍ ኦነርሺፕ» ነው። አንድን ማሽን ይዞ መቆየት የሚያስወጣው ጠቅላላ ወጪ መሆኑ ነው። ለሰዓት ቆጣሪ የሚገርም ስም ነው። ግን ማሽን በደረቀ ቁጥር ቴክኒሻን የትራንስፖርት ከፍሎ የላከ ሰው ስሙ ቶሎ ይገባዋል።

ሊኑክስ ላይ ይህን ቆጣሪ የሚያዘው ድራይቨር «አይቲሲኦ-ደብሊውዲቲ» ይባላል። ኤኤምዲ ማሽኖች ላይ «ኤስፒ5100-ቲሲኦ» የሚባል አቻ አለው። ድራይቨሩ ሲነሳ «ዴቭ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ዋችዶግ0» የሚል ፋይል ይፈጠራል። ዜሮው «የመጀመሪያው» ለማለት ነው እንጂ የከሸፈ ነገር ቁጥር አይደለም። አንድ ፕሮግራም ያንን ፋይል ሲከፍት ቆጠራው ይጀምራል። የሆነ ነገር ሲጽፍበት «አለሁ» ማለቱ ነው።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ፕሮግራሙ ፋይሉን ዘግቶ ሲወጣስ? ቆጠራው ይቁም? እስቲ አስበው። ፕሮግራሙ የወጣው ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ክራሽ አድርጎ ሞቶም ሊሆን ይችላል። ከከርነሉ (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሊኑክስ ዋና አካል) ወገን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ላይ ፋይሉ ተዘጋ ነው የሚባለው። በሞተ ቁጥር ቆጠራው የሚቆም ከሆነ ደግሞ ዘበኛ መቅጠሩ ራሱ ትርጉም የለውም። ስለዚህ አንድ ምልክት ተበጀ። በሰላም የሚወጣ ፕሮግራም ፋይሉን ከመዝጋቱ በፊት አንዲት ፊደል ይጽፋል፣ ትልቋን የላቲን «ቪ»። «ቪ» ከተጻፈች ዘበኛው ተሰናብቷል፣ ቆጠራው ይቆማል። ፋይሉ ያለ «ቪ» ከተዘጋ ግን ከርነሉ ቆጠራውን አያቆምም። ይህንኑም ይመዘግባል፦ «ዋችዶግ ዲድ ኖት ስቶፕ»፣ ዋችዶጉ አልቆመም።

ያንተ መስመር ይህ ነው። የጥበቃ መዝገብ ላይ የሰፈረች ማስታወሻ ነች።

ታዲያ ሪስታርት ስታደርግ ፋይሉን ያለ «ቪ» የሚዘጋው ማን ነው? ሲስተምዲ ነው። ሲስተምዲ ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጀምረው፣ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስጀምረውና የሚያቆመው ፕሮግራም ነው። አዘቦት ላይ ዋችዶጉን አይነካውም፤ ካላዘዝከው በስተቀር። ሪስታርት ላይ ግን ይቀሰቅሰውና ቆጣሪውን 10 ደቂቃ ላይ ይሞላዋል። ይህ ዴቢያን የፈጠረው ነገር አይደለም፤ የሲስተምዲ የራሱ ነባሪ አሠራር ነው።

ሪስታርት ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ ሰርቪሶቹ አንድ በአንድ ይቆማሉ፦ ኔትወርኩ፣ ፕሪንተሩ፣ የገባህበት ዴስክቶፕ። በሁለተኛው ሲስተምዲ ራሱን «ሲስተምዲ-ሻትዳውን» በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይተካል። የዚህ ትንሽ ፕሮግራም ሥራ የተረፉትን ፕሮሰሶች መግደል፣ ዲስኮቹን ማላቀቅና «ሪስታርት አድርግ» ብሎ ለከርነሉ መንገር ነው። በርክክቡ ቅጽበት አሮጌው ፕሮግራም የዋችዶጉን ፋይል ይዘጋል። «ቪ» አይጽፍም፣ ምክንያቱም ዘበኛው እንዲሄድ አይፈልግም። አዲሱ ወዲያው ፋይሉን ይከፍትና «አለሁ» ማለቱን ይቀጥላል። በሁለቱ መካከል ባለችው ክፍተት ከርነሉ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ሳይሰናበት ወጣ» ብሎ ጻፈ። አንተ ያየኸው እሱን ነው።

ለምን እንዲህ ተደረገ ብትል፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ማሽኑ ቢደርቅ የሚያድነው የለም። ሎግኢን የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ተርሚናል የለም። አንድ ዲስክ አልላቀቅ ቢል ወይም አንድ ድራይቨር ቢጣበቅ ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ይዞ ይቀራል። ዘበኛው ካለ ግን «አለሁ» የሚለው ድምፅ በጠፋ በ10 ደቂቃው ሪሴት ያደርገዋል። በነገራችን ላይ 10 ደቂቃ 600 ሴኮንድ ነው። አዲሶቹ የኢንቴል ቆጣሪዎች መቁጠር የሚችሉት እስከ 614 ሴኮንድ ነው። ለጥቂት ነው የገባው።

አሁን «ሳጠፋው አይታይም» ያልከውን እናንሳ። ጥያቄህ ውስጥ ካለው ሁሉ ለእኔ በጣም የጠቀመኝ ይህ ነው። ሲስተምዲ 10 ደቂቃውን የሚሞላው ለሪስታርት ነው። ለማጥፋት ሲሆን ዘበኛውን ያሰናብተዋል፤ ጠፍቶ እንዲቀር የፈለግከውን ማሽን ሪሴት አድርጎ ማስነሳት ምን ያደርጋል? ዲስክ ቢሆን ችግሩ ይህን መርጦ አይታይም ነበር።

ሌላው የሚያስደነግጠው ብቻውን መውጣቱ ነው። መቶ መስመር መሃል ቢሆን ልብም አትለው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ መልእክት ከ0 እስከ 7 ደረጃ ይሰጣል። 0 በጣም አስቸኳዩ ነው። ዴቢያን ሲጫን ቡት ትዕዛዙ ላይ «ኳየት» የሚል ቃል ይገባል። እሱ ከ4 በታች ያሉትን ብቻ ወደ ስክሪን ያሳልፋል። የዋችዶጉ መስመር ደረጃው 2 ነው፣ «ክሪቲካል»። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ጸጥ ሲል እሱ ያልፋል። ደረጃው የተሰጠው ለክፉ ቀን ታስቦ ነው፣ ከርነሉ ደግሞ ሪስታርት ላይ መሆንህን አይቶ ዝቅ አያደርግልህም።

የኡቡንቱው ጓደኛህ ጋ አለመታየቱም ምስጢር የለውም። ኡቡንቱ የዋችዶግ ድራይቨሮቹን ብላክሊስት አድርጎ (በራሳቸው እንዳይነሱ ከልክሎ) ነው የሚመጣው። እሱ ጋ መስመሩ የጠፋው ዘበኛ ስለሌለ ነው።

ቃሌን ብቻ አትመን፣ ራስህ እየው። ትዕዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ጻፋቸው። ሪስታርት አድርገህ ከተነሳ በኋላ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1 -ኢ» በል። «-ቢ -1» ከአሁኑ በፊት የነበረውን ቡት አሳየኝ ማለት ነው፣ «-ኢ» ደግሞ ወደ መጨረሻው ይወስድሃል። ከታች ወደ ላይ ስታነብ ሲስተምዲ «ሻቲንግ ዳውን» ያለበትን ታገኛለህ። ቀጥሎ «ዩዚንግ ሃርድዌር ዋችዶግ» ይልና የድራይቨሩን ስም ይጠራል። ቀጥሎ ዋችዶጉ በ10 ደቂቃ መሞላቱን ይናገራል። ከእሱ ሥር ያቺ መስመር አለች። ከእሷ በኋላ የሚጽፈው ሲስተምዲ ሳይሆን «ሲስተምዲ-ሻትዳውን» ነው። ሙሉ ርክክቡ አምስት መስመር ውስጥ ተጽፎልሃል። አንዱ ቢጎድልብህ አትጨነቅ፤ ሎግ የሚጽፈው ሰርቪስ ራሱ እዚያው አካባቢ ነው የሚገደለው።

«ኖ-ዋችዶግ» የሚለውን ምክር ግን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ስለሚያጋራው ጠንከር አድርጌ ልናገር። ስሙ ተመሳስሎ ነው እንጂ ሌላ ነገር ነው። ከርነሉ ውስጥ አንድ ሲፒዩ አንድ ሥራ ላይ ተጣብቆ ሲቀር የሚያውቅ የሶፍትዌር ጠባቂ አለ። «ሶፍት ሎክአፕ፣ ሲፒዩ ስታክ ፎር 22 ሴኮንድስ» የሚል ነገር አይተህ ከሆነ የሚጮኸው እሱ ነው። «ኖ-ዋችዶግ» የሚያጠፋው እሱን ነው። ቺፕሴቱ ውስጥ ያለውን ቆጣሪ አይነካውም። አንተ አሁን መስመሩ እንዳለ ነው፣ ማሽንህ ሲጣበቅ ሊነግርህ የሚችለውን ጠባቂ ግን አጥፍተሃል። የግቢውን ዘበኛ ትቶ የእሳት ማንቂያውን መንቀል ማለት ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ብለው የሚያጠፉት ሰዎች አሉ፣ እሱ የራሳቸው ምርጫ ነው። ላንተ ጥያቄ ግን መልስ አይደለም። «ኢቲሲ» ሥር «ዲፎልት» ውስጥ ያለውን «ግሩብ» የሚባል ፋይል ክፈትና ቃሉን አጥፋ፤ ከዚያ «ሱዶ አፕዴት-ግሩብ» በል።

አሁን መቼ መስጋት እንዳለብህ።

አንደኛ፣ መስመሩ ማሽኑ እየሠራ እያለ ከመጣ። ሪስታርት አላደረግክም፣ ዶክመንት እየጻፍክ ነው፣ ሎጉ ላይ ግን ይሄው ዓረፍተ ነገር ወጣ እንበል። ያኔ ዋችዶጉን ይዞ የነበረ ፕሮግራም ሳይሰናበት ሞቷል ማለት ነው። ቆጣሪው እየቆጠረ ነው፣ «አለሁ» የሚለው የለም። ካልተደረሰለት ማሽኑ ትንሽ ቆይቶ ሪሴት ይሆናል። ያለህበትን ሥራ ቶሎ ሴቭ አድርግ። ተራ ላፕቶፕ ላይ ይህ በራሱ አይመጣም፤ «ዋችዶግ» የሚባለውን ፓኬጅ የጫነ ሰው ወይም በእጁ የነካካ ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አደራ፣ «ዴቭ» ውስጥ ያለውን «ዋችዶግ0» ፋይል ለመሞከር ብለህ በሩት (በአስተዳዳሪ መብት) እንዳትከፍተው። የሆነ ነገር ጽፈህበት ያለ «ቪ» ከወጣህ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እያለ ማሽኑ ድርግም ይላል። ቆጣሪው እንዳለና ምን ድራይቨር እንደያዘው ማየት ብቻ ከፈለግክ «ሱዶ ደብሊውዲሲቲኤል» የሚል ትዕዛዝ አለ፤ እሱ ይበቃሃል።

ሁለተኛ፣ መስመሩ ከመጣ በኋላ ማሽኑ እዚያው ከቀረ። ሁለት ሦስት ሴኮንድ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ብዙ ሰው ያኔ የሚወነጅለው ስክሪኑ ላይ የቀረውን የመጨረሻ ቃል ነው። ዋችዶጉ ግን ምንም አላደረገም፣ የመጨረሻው ተናጋሪ ስለሆነ ብቻ ነው የሚከሰሰው። ይልቅ መስመሩን እንደ ኪሎ ሜትር ድንጋይ ተጠቀምበት። ከሱ በፊት የዘገየ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። «ኤ ስቶፕ ጆብ ኢዝ ራኒንግ» ብሎ አንድ ደቂቃ ከ30 የሚቆጥረው እዚህ ይመደባል፤ አንድ ሰርቪስ አልቆምም ብሎ ነው፣ ስሙም እዚያው ተጽፏል። 10 ደቂቃው ለዚህ ለመጀመሪያው ደረጃ አይሠራም፤ መቆጠር የሚጀምረው ከርክክቡ ነው። ከመስመሩ በኋላ የቆመ ደግሞ ሁለተኛው ደረጃ ነው። እዚያ የምጠረጥረው አልላቀቅ ያለ ዲስክ፣ ኔትወርኩ ቀድሞት የጠፋ የኔትወርክ ፎልደር፣ የቪዲዮ ካርድ ድራይቨር፣ ካልሆነም ባዮሱን (ከሊኑክስ በፊት የሚነሳውን የማሽኑን የራሱን ሶፍትዌር) ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቡት ስታደርግ ግሩብ ሜኑ ላይ «ኢ» ተጫንና «ኳየት» የሚለውን ለዚያች አንድ ጊዜ አጥፋው። ከዚያ ሪስታርት አድርግ። አሁን ከዋችዶጉ መስመር በኋላ ያሉትም ይወጣሉ። የመጨረሻዋ መስመር «ሪቡት፦ ሪስታርቲንግ ሲስተም» ከሆነች ሊኑክስ ሥራውን ጨርሷል፣ የተጣበቀው ባዮሱ ነው። መጀመሪያ ባዮሱን አፕዴት አድርግ፤ ካልሆነ ለከርነሉ «ሪቡት» የሚል ፓራሜትር በመስጠት ሌላ የማስነሻ መንገድ እንዲሞክር ማድረግ ይቻላል፣ ለምሳሌ «ሪቡት=ፒሲአይ» ወይም «ሪቡት=ኢኤፍአይ»። ከዚያ በፊት በሆነ ዲስክ ስም ላይ ከቆመች ዲስኩን ፈትሽ።

የደረቀን ማሽን ፓወር ቁልፉን አምስት ሴኮንድ ይዞ መግደል የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ከሱ በፊት «አልት» እና «ፕሪንት ስክሪን»ን አንድ ላይ ይዘህ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ የሚሉትን ፊደሎች በየሁለት ሴኮንዱ አንድ አንድ ጊዜ ተጫን። የመጀመሪያው ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ ያስገባል። ሁለተኛው ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል። ሦስተኛው ያስነሳዋል። ከርነሉ በሕይወት ካለ ይሰማሃል።

ሦስተኛ፣ መስመሩ ማሽኑን ስታጠፋም መምጣት ከጀመረ። ይህ አደጋ አይደለም፣ ግን ያቀረብኩልህ ማብራሪያ አይሸፍነውም። ምናልባት ሌላ ፕሮግራም ዋችዶጉን ይዞታል። ወይም ድራይቨሩ «ኖ-ዌይ-አውት» በሚባል ሴቲንግ ተነስቷል፤ እሱ ካለ «ቪ» ብትጻፍም ቆጠራው አይቆምም።

መስመሩን ማጥፋት ይቻላል ወይ ካልከኝ፣ ይቻላል። ንጹሑ መንገድ የሲስተምዲ ሴቲንግ ነው። «ኢቲሲ» ውስጥ «ሲስተምዲ» የሚል ፎልደር አለ፤ «ሲስተም ነጥብ ኮንፍ» የሚለውን ፋይል ክፈት። «ሪቡት-ዋችዶግ-ሴክ» የሚል መስመር ታገኛለህ። ስሙ ያለ ሰረዝና ያለ ክፍተት፣ አር፣ ደብሊውና ኤስ በትልቁ ነው የሚጻፉት። ፊቱ ላይ ያለውን የሃሽ ምልክት አንሳና ዋጋውን 0 አድርገው። አንድ ወጥመድ አለው። ፋይሉን ቀይረህ ወዲያው ሪስታርት ብታደርግ መስመሩ አንድ ጊዜ ደግሞ ይመጣል፤ እየሠራ ያለው ሲስተምዲ ያነበበው የድሮውን ነው። «አልሠራም» ብለህ ሌላ ነገር መነካካት እንዳትጀምር። ሁለተኛው ሪስታርት ላይ ፍረድ።

ሁለተኛው መንገድ ድራይቨሩን ብላክሊስት ማድረግ ነው። መስመሩ ይጠፋል፤ ዘበኛውም አብሮ ይሄዳል፣ ለሌላ ሥራ እንኳ ብትፈልገው አታገኘውም። ሦስተኛው የከርነሉን የስክሪን ደረጃ ዝቅ አድርጎ መልእክቱን መደበቅ ነው። ይሄኛውን አልወደውም። አብረውት የሚደበቁት ሌሎች ክሪቲካል መልእክቶች ናቸው፣ እነሱን ደግሞ ማየት ትፈልጋለህ።

እኔ የምመክርህ አንዱንም እንዳታደርግ ነው። ተወው። ሁለት ሴኮንድ የምትታይ መስመር ነች። በምላሹ የምታገኘው ሪስታርት ላይ ቢደርቅ ራሱን የሚያነሳ ማሽን ነው። አንተ አጠገቡ ስለምትቆም ጥቅሙ ላንተ ትንሽ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ጉዳቱ ግን ምንም ነው። ነገ ደግሞ ያቺን ላፕቶፕ ጥግ ላይ አስቀምጠህ የሱቁ ፋይል ማስቀመጫ ልታደርጋት ትችላለህ፤ ያኔ ይጠቅምሃል።

ይህን የምለው ቀምሼው ስለሆነ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚገኝ ሰርቨር ነበር፣ እኔ ከቤቴ ሆኜ ነው የማየው። ይህቺ መስመር አስጠላችኝና ድራይቨሩን ብላክሊስት አደረግኩት። ስክሪኑ ጸዳ፣ ደስ አለኝ። ከወራት በኋላ እሑድ ማታ አፕዴት አድርጌ ሪስታርት አልኩት። አልተመለሰም። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። የነበረው ምርጫ የግቢውን ጥበቃ መደወል ነው። ሽማግሌ ናቸው። «አባቴ፣ ይቅርታ፣ ሰርቨር ክፍል ገብተው አንድ ቁልፍ ይጫኑልኝ» አልኳቸው። «የቱን ልጄ? እዚህ የሚበራው ብዙ ነው» አሉኝ። ሰማያዊው እያልኩ፣ እሳቸው አረንጓዴ ነው እያሉ፣ በመጨረሻ ስልኩን ትከሻቸው ላይ ደግፈው በባትሪ እያበሩ አገኙት። ዘበኛውን ከቺፕሴቱ አባርሬ ሌላውን ዘበኛ ከአልጋው አስነሳሁ። በማግስቱ ብላክሊስቱን አነሳሁት። የደረቀበት ምክንያት፣ በኋላ ሳየው፣ ኔትወርኩ ቀድሞት የተቆረጠ የኔትወርክ ፎልደር ነበር።

ሱቅህ ላይ ሰርቨር የምታስቀምጥ ከሆነ እንዲያውም ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ሂድ። እዚያው ፋይል ላይ «ራንታይም-ዋችዶግ-ሴክ» የሚል ሌላ መስመር አለ፤ እሱ በነባሪ ጠፍቶ ነው ያለው። ዋጋ ከሰጠኸው ሲስተምዲ በሥራ ሰዓትም «አለሁ» እያለ ይቆያል፣ ማሽኑ እኩለ ሌሊት ቢደርቅ ራሱ ይነሳል። ቁጥሩን ግን አታሳንሰው። አሮጌ ማሽን ላይ 5 ሴኮንድ ብትሰጠው ዲስኩ በጣም በተጨናነቀ ጊዜ ጤነኛውን ማሽን ሊያስነሳብህ ይችላል። ከ30 ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ በቂ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ የትኛውም ዋችዶግ አያድንህም፤ ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ለዴስክቶፕ ግን ዩፒኤስ ያስፈልግሃል።

ጓደኛህ ስለ ዲስኩ ያለው ነገር ከዚህ መስመር ጋር ባይገናኝም፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ከገዛህ ዲስኩን አንድ ጊዜ ማየት አይከፋም። «ስማርትሞንቱልስ» የሚለውን ፓኬጅ ጫን። ከዚያ «ሱዶ ስማርትሲቲኤል -ኤ» በልና የዲስኩን መንገድ ጨምር፣ በብዛት «ዴቭ» ሥር «ኤስዲኤ» ነው። አጠቃላይ ውጤቱ «ፓስድ» ቢልም እሱ ላይ ብቻ አትቁም። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ «ሪአሎኬትድ ሴክተር» እና «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ፈልግና ቀኝ ጫፍ ያለውን ቁጥር አንብብ። ከዜሮ በላይ ሆኖ በየሳምንቱ የሚጨምር ከሆነ ዛሬውኑ ባክአፕ ያዝ። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ፎቶ አንሳና ለጓደኛህ ላክለት።